ከመርሳ የመጣው

ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ሆጤን ነጠላ አልብሷት፣
ሌሊት ስድስት ሰዓት መብራት መጣ፤ ላፕቶፔን ቀሰቀሳት።

ቀን ቀን ሆስፒታል ነኝ፣ ካርድ ክፍል ነው እንጀራዬ፣
የሰው ሕመም በቁጥር ፍለጋ፣ አቧራ ለብሶ ጸጉሬ።
ማታ ደግሞ ደመወዝ የሌላት ሥራ አለችኝ፦
መስከረምን ከሙሐረም፣ ሙሐረምን ከጃንዋሪ የምታስማማ
የቀን መቁጠሪያ ኮድ፤
ስምንት ዓመት ደጇን የጠበቅኩላት።

በሯ ለሁሉ ክፍት ነው፤ የፈለገ ወስዶ ይሠራል፣
ያሻሻለውን መልሶ «ከዋናው ይዋሐድ» ይላል።
እኔ አያለሁ። ወይ እቀበላለሁ። ወይ ደግሞ . . .
አርባ ሦስት ደጅ ጠኚ አለ ዛሬ ሌሊት።

አንዱ ከባቲ፤ «ሐምሌ»ን በሃሌታው ጽፌው ስምንት ዓመት፣
በሐመሩ አቃናልኝ፤ ሳልቀመጥ ተቀበልኩት።
የሌላው ያምራል፤ ግን ቤቱን ያህላል በሩ፣
የሰኞ ገበያ እህል ዋጋ ሳይቀር አለበት ከነዝርዝሩ።
«እጅህ ይባረክ፤ ይህ ግን ለብቻው ቤት ይሠራለት» —
እሷን ለመጻፍ አንድ ሰዓት።
«አይሆንም» አምስት ፊደል ናት፤ ሰው ሳትሰብር እንድትደርስ
ስንት ዙር ጥጥ ትጠቀለላለች!
ሌላው ደግሞ፦ «ሞተሻል? ወይስ ንቀሽን ነው?»
አልሞትኩም። ልጄ አተኩሶት ነበረ፤ ራውተሩም ተቃጥሎ።

አንድ ጊዜ ማሽን ቀጠርኩ፤ ስድሳ ቀን ያለፈውን
«ጊዜው አልፏል» ብላ ትዘጋለች።
በአንድ ሌሊት ከመቶ በላይ። ሲነጋ ደጄ የተጠረገ ግቢ መሰለ፤
እፎይ አልኩ፣ ወላሂ።
ከዚያ አንዲት የወልዲያ ተማሪ፦ «ጥፋቴ ምንድነው?»
ጥፋት የለባትም። ያላየኋት እኔ ነኝ።
ማሽኗን በዚያው ቀን አሰናበትኳት።

አንዱን ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ፤ ከሁሉ በፊት የመጣው፣
ከመርሳ ነው የላከው፤ ልረሳ ብል ያልረሳሁት ከመርሳ የመጣው።
ሙህዬ ይባላል። የጻፈው ይህን ብቻ ነው፦
«ታናሽ እህቴ በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜ ስድስት ተወለደች፤
ያንቺ ኮድ ‹እንዲህ ያለ ቀን የለም› ይላል። እሷ ግን አለች።
አስተካክዬዋለሁ፤ እባክሽ እይው።»

«ነገ አየዋለሁ» አልኩት። ሰኔ ነበር።
ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ፤ መጀመሪያ የእነሱ፣ በኋላ የኛው፤
እኛም ቦርከናን ተከትለን ቁልቁል፣ ፍራሽ በራስ፣ ልጅ በጀርባ።
ስመለስ «ነገ» ያልኳት እዚያው ተቀምጣ ነበር፤
ከእሷ በታች አንድም ቃል የለም።

ዛሬ ከፈትኩት። ስክሪኑ በቀይ፦ «ግጭት አለ።»
እሱንማ ለወሎ ሰው ማን ይነግረዋል?
«በሰባት ቦታ። ሳይፈታ አይዋሐድም።»
አበጋር እዚህ አይቀመጥ፣ ዱዓ አድርጎ አያስማማ፤
እኔው መስመር በመስመር፦ ይህ የሱ፣ ይህ የዋናው።

ሙህዬ፣ አርፍጃለሁ። አምና አንድ አገሩን የማላውቀው ሰው
ያችኑ ቀን በአራት መስመር ጠገናት። ተቀበልኩት።
ያንተ ሠላሳ መስመር አሁን መግቢያ የለውም፤
ብታየው አንተም «እውነትሽን ነው» ትል ነበር፤
ትል ነበር ብዬ ነው የማስበው።
ግን ከሥሩ አንዲት ፈተና ጽፈሃል፣ እህትህን በስሟ ጠርተህ፦
«የረውዳ ልደት፣ ጳጉሜ ስድስት።» ኮዱ ከካደ የምትጮህ።
እሷን ከነሥሯ ነቅዬ ከዋናው ተከልኳት፤
ስምህንም ከሠሩት ስም ተርታ።
ከእንግዲህ ማንም አንድ መስመር በነካ ቁጥር
ማሽኗ ትጠይቃለች፦ ረውዳ መቼ ተወለደች?

ከዚያ «ይዘጋ» የሚለውን ተጫንኩ።
«ቅርንጫፉም ይሰረዝ?» አለችኝ።
አይሰረዝ። ካርድ ክፍልም እንዲሁ ነው፤
ያልተመለሰ ሰው ፋይል አይቃጠልም፣
ወደ ታችኛው መደርደሪያ ይወርዳል እንጂ።

አርባ ሁለት ቀረ።
ቀጣዩን ከፈትኩ፤ ርእሱ «ትንሽ ማስተካከያ»።
ሦስት ሺህ መስመር።